ወደ ሰሜን ተራሮች የተማሪዎች ጉዞ፦ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ መነሻ ረቂቁ ይኸው። 36 ተማሪ፣ 6 አዋቂ፣ ሦስት ሌሊት። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደባርቅ፤ በማግስቱ ሳንቃበር ካምፕ፤ ከዚያ በእግር ግጭ ካምፕ፣ እሜት ጎጎ የሚባለውን ጫፍ አይቶ ቧሂት ተራራ። ማሻሻያ ያላችሁ ጨምሩበት።

የጂኦግራፊ መምህር፦ ቧሂት ይሰረዝ። 4,430 ሜትር ለሦስት ሌሊት ጉዞ አይሆንም። ዋናው ነገር የምናድርበት ከፍታ ነው፤ ደባርቅ 2,850፣ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600 ገደማ። ከ3,000 ሜትር በላይ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ጨምሮ ማደር አይመከርም። ሦስቱንም ሌሊት ደባርቅ ብናድር፣ ቀን ወጥተን ማታ ብንወርድ የከፍታ ሕመም ስጋቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

የተፈጥሮ ክበብ ተጠሪ፦ እሜት ጎጎ መቅረቱ ያስቆጫል፤ ግን ግጭ ሳያድሩ አይደረስም፣ ስለዚህ መምህር ባሉት እስማማለሁ። በምትኩ ሁለተኛው ቀን ቡይት ራስ ላይ ከመኪና ወርደን የገደሉን ጠርዝ ይዘን እስከ ሳንቃበር እንሂድ፤ ሦስት አራት ሰዓት ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ስለሚወጣ በማለዳ መሽቀዳደም አያስፈልግም። ምግብ በፍጹም አይሰጠው፤ አንዴ ከለመደ ቦርሳ መንጠቅ ይጀምራል። ዋልያ ለማየት ሦስተኛው ቀን ጨነቅ ካምፕ እንሂድ፣ እዚያ ግን በጠዋት ነው።

ወሩ ጥቅምት ይሁን። በክረምት ጉም ገደሉን ይሸፍነዋል፤ እስከ የካቲት ከቆየን ደግሞ የጅንባር ፏፏቴ ክር ሆኖ ይጠብቀናል።

ሲስተር (ወላጅ)፦ አስምና የልብ ሕመም ያለበት ልጅ አስቀድሞ በወላጅ ቅጽ ይታወቅ። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ ማስታገሻ ሰጥቶ ሽቅብ መቀጠል ክልክል ነው፤ ልጁ ይወርዳል። ልጆች ከጓደኛ ላለመለየት ሕመም ይደብቃሉ፣ ስለዚህ እያንዳንዱ አዋቂ በየእረፍቱ የቡድኑን ስድስት ተማሪዎች በስም ይጠይቅ። ውሃ በቀን ለሰው 2 ሊትር፣ ለ42 ሰው 84 ሊትር።

ሰብሳቢ፦ ትራንስፖርቱስ? አንድ ትልቅ አውቶቡስ ይረክሳል ተብሏል።

የጂኦግራፊ መምህር፦ ሁለት ኮስተር ይሻላል። ከደባርቅ በላይ ጠባብ የጠጠር መንገድ ነው፤ ደግሞም የታመመ ልጅ ሲወርድ ሌላው መኪና ከቀሪዎቹ ጋር ይቆያል። ሾፌሮቹ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሬን ብቻ ከተረገጠ ይግልና መያዝ ያቆማል።

ሌላም፦ ሳንቃበር ላይ ምሳ ማብሰል ይቅር። ውሃ እዚያ በ89 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ምስሩ ሳይበስል ይመሻል። ዳቦ፣ ቆሎና በሶ ይበቃል።

የተፈጥሮ ክበብ ተጠሪ፦ ከገደሉ ጠርዝ 5 ሜትር ርቀት ይጻፍልኝ። ሣሩ ከሥር ባዶ የሆነ አፈር ሊሸፍን ይችላል፤ ፎቶ ሲነሱ ወደ ኋላ መራመድም የተለመደ ጥፋት ነው። አዲስ ጫማ አይፈቀድ፣ ተረከዝ ይልጣል። ጋቢ ለማታ ብቻ፤ በዝናብ ከራሰ ሸክም ነው።

ጸሐፊ፦ የተስተካከለው፦ ጥቅምት፣ ሦስት ሌሊት ደባርቅ፣ ቡይት ራስ–ሳንቃበር–ጅንባር፣ ከዚያ ጨነቅ በመኪና። ስድስት ቡድን፣ በየቡድኑ 6 ተማሪና አንድ አዋቂ። በየኮስተሩ 21 ሰው፣ ለአስጎብኚና ለስካውት (ለፓርኩ ጠባቂ) ሁለት ወንበር ይተዋል። የድጋፍ ደብዳቤና የስም ዝርዝር ለደባርቁ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ቀድሞ ይላካል። የመኪና ቀብድ ከመከፈሉ በፊት የመንገዱ ደህንነት ከዞኑ አስተዳደር በጽሑፍ ይረጋገጥ፤ ይህን ማን ይያዝ?

ሰብሳቢ፦ እኔ እይዘዋለሁ።