የሊዮናርዶ ከተማ ለድሃው ታስባ ነው?

ጤና ይስጥልኝ። የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። በህዳሴ ዘመን ጣሊያን ስለታለሙ ከተሞች እየጻፍኩ መሃል ላይ ቆሜያለሁ። እባካችሁ አንድ በሉኝ።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1484 እና 1485 ሚላንን ወረርሽኝ መታት። ከዚያ በኋላ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ባለ ሁለት ደረጃ፣ ማለትም ላይና ታች መንገድ ያላት ከተማ ነደፈ። ሕዝቡን ከመጨናነቅ ለማውጣት 5,000 ቤትና 30,000 ነዋሪ ያላቸው አሥር ከተሞች ይሠሩ አለ። የመንገዱ ስፋት ከቤቱ ቁመት እንዳያንስ፣ ቆሻሻውን ውኃ እንዲያጥበው አሰበ። መወጣጫ ደረጃው ሳይቀር ክብ ይሁን ብሏል፤ ማዕዘን ካለው ሰው ይሸናበታላ! (ይሄ ሰውዬ ከተማ ያውቃል።)

ችግሬ እዚህ ላይ ነው። የላይኛው መንገድ ለመኳንንት ብቻ ነው። ጋሪው፣ ሸክሙና ተራው ሕዝብ ከታች ነው። ታዲያ ይሄ ማኅበራዊ ለውጥ ነው ወይስ ሀብታሙን ከድሃው መለየት? አማካሪዬ «አቋም ያዝ» ይሉኛል፤ እኔ ግን ሁለቱም ይታየኛል።

የዚያው ዘመን አርክቴክት ፊላሬቴ በኮከብ ቅርጽ የነደፋት ከተማ ስፎርዚንዳም አለች፤ እሷ ግን አልተሠራችም። በሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒየስ 2ኛ ትእዛዝ የታነጸችው የጣሊያን ከተማ ፒየንዛ ግን ዛሬም ቆማለች። ክርክሬን በፒየንዛ ብጀምር ይሻላል ወይስ ከሊዮናርዶ ጋር ልቀጥል? የከተማ ፕላን ታሪክ ያጠናችሁ ካላችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ ከየት ትነሱ ነበር?