የድሮ ቤዝቦል ተጫዋቾች ጫማ ሲሰቅሉ በምን ይኖሩ ነበር?

የአዌቱ_ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጅማ ነኝ፣ ቤዝቦል እንኳን ልጫወት ኳሷንም በእጄ ነክቼ አላውቅም፣ ግን ሜሪላንድ ያለው የአጎቴ ልጅ የድሮ ተጫዋቾችን ፎቶ በቴሌግራም እየላከ ሱስ አስያዘኝ። ሪዛቸውን ያሳደጉ፣ ጓንት የሌላቸው፣ ጣቶቻቸው ወዲያና ወዲህ የተጣመሙ ሰዎች ናቸው። ጥያቄዬ ከ1870ዎቹ እስከ 1910 አካባቢ የነበሩት ፕሮፌሽናሎች ሲያቆሙ ምን ይሆኑ ነበር? ጡረታ ምናምን ነበራቸው? መቼ እንደሚያቆሙስ የሚወስነው ማነው? (አመተ ምህረቱን በፈረንጅ አድርጉት።) ሂርማታ ቡና ላይ ተከራክረን አንዱ ልጅ "አሜሪካ እኮ ነው፣ ሚሊየነር ሆነው ነው የሚወጡት" ብሎ ድርቅ አለ፣ እኔ ደሞ እዚሁ ከተማ ኳስ ተጫውተው ያቆሙና ዛሬ ባጃጅ የሚነዱ ልጆች ስለማውቅ አልዋጥልህ አለኝ።

ቶሌ_ጅሬን፦
ሃሃ ጡረታ? የትልቁ ሊግ ጡረታ የተጀመረው በ1947 ነው፣ ከዛ በፊት ያቆመ ሰው በቃ አቆመ፣ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ። ብሩ ግን መጥፎ ነበር ማለት አይደለም። በግልፅ ለሁሉም ተጫዋች ደሞዝ ከፍሎ የጀመረው የ1869ኙ ሲንሲናቲ ሬድ ስቶኪንግስ ነው፣ ኮከቡ ጆርጅ ራይት ለሲዝኑ 1,400 ዶላር ነበር የሚያገኘው፣ በዛ ዘመን ፋብሪካ ውስጥ የሚውል ሰው አያያትም ይቺን።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በ1879 የክለብ ባለቤቶች በድብቅ ተሰብስበው እያንዳንዱ ክለብ አምስት አምስት ተጫዋች "የኔ ነው" ብሎ እንዲይዝና ሌላው ክለብ እንዳይነካበት ተስማሙ፣ ሪዘርቭ ክሎዝ የሚባለው እሱ ነው፣ እየቆየ ደሞ ቡድኑን በሙሉ አዳረሱት። ኮንትራትህ ቢያልቅም የነሱ ነህ። ይሸጡሃል፣ ደሞዝ ይቀንሱብሃል፣ አንተ ግን ወደ ሌላ ክለብ መሄድ አትችልም። እና እምቢ ለማለት የሚቀርህ መንገድ አንድ ነው፣ "አልጫወትም" ብለህ ቤትህ መቀመጥ። ራይት ራሱ በ1879 ፕሮቪደንስን ሻምፒዮን አድርጎ ሲያበቃ በዚሁ ህግ ያዙት፣ እሱም አልፈርምም ብሎ ቦስተን የስፖርት እቃ ሱቁ ውስጥ ቁጭ አለ። ሱቅ ባይኖረውስ? አሞስ ሩሲ የሚባለው ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ደሞ በ200 ዶላር ቅጣት ከኒውዮርኩ ባለቤት ጋር ተጣልቶ የ1896ን ሲዝን ሙሉ ሳይጫወት አሳለፈ፣ ፍርድ ቤትም ሄደ፣ መጨረሻ ላይ ሌሎቹ ባለቤቶች ህጉ እንዳይፈርስባቸው ፈርተው 5,000 ዶላር አዋጥተው ከፈሉት። ያ ህግ እስከ 1975 ድረስ ነው የኖረው። ስለዚህ በራሱ ቀን፣ በራሱ ፍላጎት ያቆመ ሰው ብዙ አታገኝም።

ኮቺ_ፊዚዮ፦
ቶሌ ስለ ባለቤቶቹ ያልከው ልክ ነው ግን የክንዱን ነገር ረሳኸው፣ ብዙውን ያስቆመው እኮ ክንዱ ነው። በሙያዬ ፊዚዮቴራፒስት ስለሆንኩ እነዚህን ቁጥሮች ሳይ እኔን ያመኛል። ቻርሊ ራድቦርን የሚባል የፕሮቪደንስ ፒቸር በ1884 በአንድ ሲዝን 678 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ወረወረ፣ ዛሬ በአመት 200 የደረሰ ፒቸር ጎበዝ ይባላል። ሌላው ፒቸር ከቡድኑ ሲወጣ የቀረውን ሲዝን እሱ ብቻውን ተሸከመው ማለት ይቻላል፣ ጠዋት ሲነሳ ክንዱን ከፍ አድርጎ ፀጉሩን ማበጠር ያቅተው ነበር ይባላል፣ ከሰአት ግን ሜዳ ላይ አለ። እረፍት የለ፣ ምርመራ የለ፣ ትከሻው ውስጥ ምን እንደተቀደደ የሚያይበት መሳሪያ የለ። በ1891 አቆመና ኢሊኖይ ብሉሚንግተን ውስጥ ቢሊያርድ ያለበት መጠጥ ቤት ከፈተ፣ ከዛ አደን ላይ በጥይት ተመትቶ አንድ አይኑ ጠፋ፣ በ1897 ገና በ42 አመቱ ሞተ።

ጣታቸው የተጣመመ ያልካቸው ደሞ ካቸሮቹ ናቸው፣ ፒቸሩ የወረወረውን የሚቀበሉት፣ ያን ኳስ በባዶ እጅ ወይ ጣቱ በተቆረጠ ስስ የቆዳ ጓንት ነው የሚይዙት፣ አጥንቱ ይሰበራል፣ ሳይታሰር እንደተጣመመ ይድናል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው ይሰበራል።

የድሮው_መምህር፦
ልጆች እንደምን ዋላችሁ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ፒስ ኮር ሆነው የመጡ አስተማሪዎች ዱላና ኳስ ይዘው ሜዳ ላይ ሊያስተምሩን ሞክረው ነበር፣ እኛ ኳሷን በእግር እየመታን አስቸገርናቸው። ሆኖም ታሪኩን ወድጄው ቀረሁ።

ሁሉም ተጎድቶ ወጣ የሚለውን ግን አልቀበለውም። አልበርት ስፓልዲንግን ውሰዱ። በ1876 ለቺካጎ በፒቸርነት 47 ጨዋታ አሸነፈ፣ በዚያው አመት ከወንድሙ ጋር የስፖርት እቃ ሱቅ ከፈተ፣ በ27 አመቱ መጫወቱን ተወው። ክንዱ አልተሰበረም፣ ማንም አላባረረውም፣ ሂሳቡን ሰርቶ ነው። ጓንት ማድረግ እንደ ፈሪ በሚያስቆጥርበት ጊዜ እሱ አደረገ፣ ጓንቱን የሚሸጠው ማን ነው ብትሉ የሱ ሱቅ ነው። ስሙ ዛሬም ኳስ ላይ ተፅፎ ታዩታላችሁ። ጆን ሞንትጎመሪ ዋርድ ደግሞ እየተጫወተ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1885 በህግ ተመረቀ፣ በዚያው አመት የተጫዋቾችን ማህበር አቋቋመ፣ በ1890 ተጫዋቾቹ የራሳቸውን ሊግ እስከመክፈት ደረሱ፣ አንድ አመት ብቻ ቢቆይም። በ34 አመቱ አቁሞ ጠበቃ ሆነና ለተጫዋቾች እየቆመ የባለቤቶቹን ሊግ ይሟገት ጀመር።

ቢሊ ሰንደይን ፕሮቴስታንት የሆናችሁ በሰባኪነቱ ሰምታችሁት ይሆናል። ሯጭ ተጫዋች ነበር፣ በ1891 ከኮንትራቱ ልቀቁኝ ብሎ ለምኖ ወወክማ ውስጥ በወር 83 ዶላር ተቀጠረ፣ ክለቦች የዚህን ብዙ እጥፍ እያቀረቡለት። ሳይ ያንግ የሚባለው ፒቸር ደግሞ 511 ጨዋታ አሸንፎ በ1911 በ44 አመቱ ነው ያቆመው፣ ሆዱ ገፍቶ ስለነበር ተጋጣሚዎች ኳሷን ቀስ አድርገው እየነኩ እሱን ማስሮጥ ጀምረው ነበር፣ ኦሃዮ እርሻው ገባ። ልዩነቱ ገና እየተጫወቱ ሌላ ሙያ የያዙና ያልያዙ መሆናቸው ላይ ነው።

የአዌቱ_ልጅ፦
ጋሼ እናመሰግናለን፣ ቶሌ እና ፊዚዮም በጣም። ሳይ ያንግ አሳቀኝ። ጥቁር ተጫዋቾችስ? ከጃኪ ሮቢንሰን በፊት ጭራሽ አልነበሩም?

ቶሌ_ጅሬን፦
ነበሩ እንጂ። ሞሰስ ፍሊትዉድ ዎከር በ1884 ለቶሊዶ ትልቁ ሊግ ላይ ካቸር ነበር፣ ከዛ ባለቤቶቹ ሳይፅፉት በሩን ዘጉት፣ እሱም በትናንሽ ሊጎች እስከ 1889 ገፍቶ ወጣ። ይሄ ማቆም ነው ወይስ መባረር አንተው ፍረድ። በኋላ የመድፍ ጥይት ፈጥሮ ፓተንት ያወጣ ሰው ነው፣ ኦሃዮ ውስጥም ቴአትር ቤት አስተዳድሯል። በሩ እስከ 1947፣ ሮቢንሰን እስኪገባ ድረስ አልተከፈተም።

ሮቢንሰን ራሱ ሲያቆም ያደረገው ነገር ደሞ ለጅማ ሰው ይመቻል። በ1956 መጨረሻ ላይ ክለቡ ዶጀርስ ለተቀናቃኙ ክለብ ጃይንትስ አሳልፎ ሰጠው፣ እሱ ግን ቀድሞ ቾክ ፉል ኦ ናትስ ከሚባል የኒውዮርክ ቡና ድርጅት ጋር ተስማምቶ ጨርሶ ነበር፣ በ37 አመቱ ጫማውን ሰቅሎ ምክትል ፕሬዝዳንት ሆኖ ገባ። አሪፍ አወጣጥ።

ሂርማታ_ቡና፦
ድርቅ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ስፓልዲንግ ሚሊየነር ሆኗል አይደል፣ በቃ አንድ ነጥብ ለኔ ይያዝልኝ። ግን አንዱ ተጫዋች ድንገት ቢሞት ቤተሰቡስ?

ኮቺ_ፊዚዮ፦
ያው መዋጮ ነዋ። አዲ ጆስ የሚባል የክሊቭላንድ ፒቸር በ1911 በ31 አመቱ በማጅራት ገትር ሞተ፣ ሚስትና ልጆች ነበሩት፣ በሀምሌ ላይ ከሌሎቹ ክለቦች ኮከቦቹ ሁሉ መጥተው ከክሊቭላንድ ጋር ተጫወቱና ወደ 13,000 ዶላር ለቤተሰቡ ተሰበሰበ። እዚህም አንድ ልጅ ጉልበቱ ሲሄድ የሚደረገው ይሄው አይደል፣ ማሊያ ለብሰን እንጫወታለን፣ በሩ ላይ ካርቶን ይዞ የሚቆም ይኖራል።

የድሮው_መምህር፦
አንድ ልጨምር። ካፕ አንሰን 27 ሲዝን ተጫውቶ በ1897 በ45 አመቱ ነው የወጣው፣ ያውም ክለቡ ኮንትራቱን ስላላደሰለት። ቢሊያርድ ቤት ከፈተ ከሰረ፣ የቺካጎ ከተማ ፀሀፊ ሆኖ ተመረጠ፣ ከዛ መድረክ ላይ ቀልድ እያቀረበ ከተማ ለከተማ ዞረ። ሊጉ ሲያየው አዝኖ ጡረታ እንቁረጥልህ ቢለው አልፈልግም አለ። ኩራቱ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ዎከር ካለበት ቡድን ጋር አልጫወትም ብሎ ያስቸገረውም ይኸው ሰው ስለሆነ እኔ እንባ አላባክንለትም።