250 ኦም የጆሮ ማዳመጫ በላፕቶፕ ድምፁ ዝቅ ይልብኛል፤ አምፕሊፋየር ልግዛ?

የበገና ተማሪ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው። ጀርመን የሚኖረው ወንድሜ ለበዓል ሲመጣ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ የተባለ የጆሮ ማዳመጫ ይዞልኝ መጣ፤ ባለ 250 ኦሙን (ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው)። የምገለገልበት መምህራችን ሲደረድሩ በትንሽ የእጅ መቅረጫ የምቀርጻቸውን የበገና መዝሙሮች ላፕቶፕ ላይ ለማጽዳትና ለመቁረጥ ነው።

ከገበያ የገዛኋቸው መዝሙሮች ድምፁን ከግማሽ ትንሽ ከፍ ሳደርገው ጥሩ ሆነው ይሰማሉ። የራሴ ቅጂዎች ግን እስከ መጨረሻው ከፍቼውም ከጎረቤት ግቢ የሚመጣ ድምፅ ይመስላሉ። በዚያ ላይ ወፍራሞቹ አውታሮች ሳስተውብኛል፤ እንዚራው (ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) የሚፈጥረው እዝዝ የሚል ንዝረት አለ፣ ከሥሩ መኖር ያለበት ግን የለም። አንድ ሱቅ ገብቼ ብጠይቅ «250 ኦም ያለ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) አይሠራም» ብለው የማዳመጫውን ዋጋ የሚያህል ዕቃ አሳዩኝ። በእርግጥ ያስፈልገኛል? እስከዚያው ድረስስ ላፕቶፑን አይጎዳብኝም?

የአዳማው፦

ግዛ፣ አትጠራጠር። ከ100 ኦም በላይ የሆነ ሁሉ አምፕሊፋየር ይፈልጋል። እኔ ከገዛሁ ወዲህ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ደረት ይመታል።

የስቱዲዮ ሰው፦

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ለጊዜው ኪስህ ውስጥ አቆየው።

ኦም ለብቻው ብዙ አይነግርህም። ከጎኑ የሚጻፈውን ሌላ ቁጥር፣ ማለትም ማዳመጫው በ1 ሚሊዋት ኃይል ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) እንደሚያወጣ አብረህ ማየት አለብህ። የአንተ ማዳመጫ 96 ነው። 250 ኦም ላይ 1 ሚሊዋት ለማድረስ የሚያስፈልገው ግማሽ ቮልት ብቻ ነው። ላፕቶፕህ 1 ቮልት ካወጣ፣ እንደብዙዎቹ ማለት ነው፣ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናልና 102 ዴሲቤል ታገኛለህ። ደካማ ላፕቶፕ ሆኖ ግማሽ ቮልት ብቻ ቢያወጣ እንኳን 96 ላይ ነህ። ያ ትንሽ ድምፅ አይደለም።

የኦም ቁጥር እንዴት እንደሚያሳስት ለማየት ሃይፋይማን ኤችኢ-6 የተባለውን ማዳመጫ ውሰድ። 50 ኦም ብቻ ነው፤ ነገር ግን በ1 ሚሊዋት የሚሰጠው 83.5 ዴሲቤል ስለሆነ በዚያው 1 ቮልት 96.5 ላይ ይቆማል። በአዳማው ወንድማችን ሕግ ብንሄድ አምፕሊፋየር የማያስፈልገው እሱ ነው፤ በተግባር ግን ካንተው ይልቅ የሚለምነው እሱ ነው፤ ከላፕቶፑ የሚስበው ከረንትም አምስት እጥፍ ነው። ላፕቶፑን ይጎዳል ወይ ላልከው፣ 250 ኦም ከ32 ኦም ይልቅ የሚስበው ከረንት ያነሰ ነው። አትስጋ።

አሁን ወደ ራስህ ጽሑፍ ተመለስ። የገበያው መዝሙር በግማሽ ይሰማል፣ ያንተው ቅጂ በሙሉም አይሰማም ብለሃል። ማዳመጫው ያው ነው፣ ላፕቶፑም ያው ነው። የተለወጠው ፋይሉ ነው። ቀረጻህ ዝቅ ያለ ነው ማለት ነው። ኦዳሲቲ (የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም) ካለህ ፋይሉን ክፈትና ሞገዱን እይ፤ ከመሐል መስመሩ ብዙም የማይርቅ ቀጭን ክር ከመሰለ ምክንያቱን አገኘኸው። ፋይሉን በሙሉ እኩል ከፍ የሚያደርገውን «ኖርማላይዝ» የሚለውን ተጠቀም፤ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ (ፋይሉ ሊይዘው ከሚችለው ጣሪያ) በታች 1 ዴሲቤል ላይ እንዲቆም አድርገው። ዋጋው ነፃ ነው።

የአውታሮቹ መሳሳትም ከፊሉ ከዚሁ የመጣ ነው። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ከሁሉ በፊት የሚያጣው ወፍራሙን ድምፅ ነው፤ ይህን ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 በቤል ላቦራቶሪ ለክተው አሳይተዋል።

የፒያሳው ጠጋኝ፦

ልጄ፣ ከላይ የተባለው እውነት ነው። እኔ የምጨምረው ከጥገና ጠረጴዛ የማየውን ነው።

የባለ 250 ኦሙ ጥቅል ሽቦ ከጠጉር ይቀጥናል። ይህ ዓይነቱ የተሠራው ለስቱዲዮና ለሬዲዮ ጣቢያ መሣሪያዎች ነበር፤ እነሱ በቂ ቮልት ነበራቸው፣ ከአንድ መውጫ ብዙ ማዳመጫም ይሰካ ነበር። «ኦሙ ሲበዛ ጥራቱ ይበልጣል» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ዲቲ 770 ባለ 80 ኦምም አለው፣ ለላፕቶፕ እሱ ይቀል ነበር። አንዴ እጅህ ከገባ ግን እሱን መቀየር አያስፈልግህም።

ሌላው ሰው የማያነሣው ነገር የመውጫው፣ ማለትም ማዳመጫው የሚሰካበት የላፕቶፑ ቀዳዳ፣ የራሱ ተቃውሞ ነው። ከማዳመጫው ኦም አንድ ስምንተኛ ባይበልጥ ይመረጣል። ከበለጠ በአንዳንድ ማዳመጫ ላይ ቤዙ ያብጣል፣ ይንዘላዘላል። ላንተ ግን 250ን ለስምንት ስታካፍል 31 ኦም ነው፤ አብዛኛው ላፕቶፕ ከዚያ በታች ነው። እዚህ ላይ ባለ 250 መሆኑ እንዲያውም ጠቀመህ።

አንድ ቀን ልግዛ ካልክ አደራ የምልህ አለ። ከአሜሪካ በሰው የሚመጡ ትንንሽ አምፕሊፋየሮች ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር ይዘው የሚመጡ አሉ። የኛ መብራት 220 ነው። ሲሰኩት ቱግ ብሎ ያበቃል፤ ከዚያ ወደኔ ይመጣል፣ እኔም አላድነውም። የዕቃው መሰኪያ ላይ «ከ100 እስከ 240» ቮልት የሚል ከሌለ አትሰካው። በዩኤስቢ የሚሠራው ይሻላል፤ መብራት ሲጠፋም ከላፕቶፑ ባትሪ ይኖራል።

የበገና ተማሪ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጋሼ፣ እርስዎንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እንደተባልኩት ኖርማላይዝ አደረግሁ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ፕሮግራሙ ከአንድ ዴሲቤል በላይ ሊጨምር አልቻለም። ሞገዱ ግን የተባለውን ቀጭን ክር ነው የሚመስለው።

የስቱዲዮ ሰው፦

እንግዲያው ከክሩ መካከል አንድ ብቻውን ቀጥ ብሎ የቆመ ጫፍ አለ። ፈልገው። ኖርማላይዝ የሚያየው ከሁሉ የረዘመውን ጫፍ ብቻ ነው፤ አንድ ጉብታ ጣሪያውን ከነካ የቀረውን ሁሉ ባለበት ይተወዋል። ጉብታውን ብቻ ምረጥና ዝቅ አድርገው፣ ወይም መዝሙሩ ከመጀመሩ በፊት ከሆነ ቆርጠህ ጣለው። ከዚያ እንደገና ሞክር።

ነርሷ፦

እስኪመለስ እኔም ሁለት ነገር ልበል። መነጽር ታደርጋለህ? ዲቲ 770 ዙሪያውን የሚዘጋ ማዳመጫ ነው፤ ቤዙን የሚይዘው ትራሱ ከጆሮ ዙሪያ ሳይከፈት ሲገጥም ነው። የመነጽር ዘንግ፣ ወፍራም ሹሩባ ወይም ሻሽ ትንሽ ክፍተት ከፈጠረ ወፍራሙ ድምፅ በዚያ ይወጣል። በሁለት እጅህ ትራሶቹን ቀስ ብለህ ወደ ጆሮህ ተጫናቸው፤ ቤዙ ወዲያው ከተመለሰ አምፕሊፋየር ያንን አያስተካክልልህም።

ሁለተኛው ስለ ጆሮህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ደህና የሚለው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። 90 ላይ ሲደርስ 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ቅጂ ለሚያጸዳ ሰው «ደረት የሚመታ ቤዝ» የሚለው ምክር ለኔ አይጥመኝም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አምፕሊፋየር በእርግጥ ያስፈለገው ሰው እኔ ነበርኩ፤ የኔን ብትሰሙ የሁለቱ ልዩነት ይታያችኋል። ማዳመጫዬ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ነው፣ 300 ኦም። በ1 ቮልት የሚሰጠው 97 ዴሲቤል ነው። የማዳምጠው የኦርኬስትራ ሙዚቃ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ጸጥ ይልና ድንገት ይፈነዳል፤ ያ ፍንዳታ ሳይቆረጥ 110 እንዲደርስ 4.5 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። የድሮው ላፕቶፔ አልቻለም፤ ከፍተኛው ድምፅ ላይ ስደርስ «ትንሽ ቢጨምር» እያልኩ ነበር የምቀረው። ስለዚህ ገዛሁ።

በኋላ ማክቡክ ቀየርኩ። ከ2021 ወዲህ የወጡት ማክቡክ ፕሮዎች የተሰካውን ማዳመጫ ኦም ራሳቸው ለይተው ከ150 ኦም በላይ ለሆነው እስከ 3 ቮልት ይሰጣሉ። ያ ለኔ 106 ተኩል ዴሲቤል ነው፤ በቃኝ፣ አምፕሊፋየሩን ሸጥኩት። ስለዚህ ጠያቂው መጀመሪያ የላፕቶፕህን ዓመት እይ።

በርካሽ ለመሞከር ከፈለግህ የአፕል ትንሿ ታይፕ ሲ አዳፕተር አለች። ነገር ግን ወንድምህን ከጀርመን አምጣልኝ እንዳትለው፤ የአውሮፓው ዓይነት ግማሽ ቮልት ገደማ ላይ ታግዷል፣ የአሜሪካው 1 ቮልት ያህል ይሰጣል። መልካቸው አንድ ነው። ከአንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች ጋር ደግሞ የአሜሪካውም ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ላፕቶፕ ላይ ነው ደህና የሚሆነው።

የበገና ተማሪ (ጠያቂ)፦

ጉብታው ተገኘ! መምህሩ ገና ሳይጀምሩ በገናውን ሲያስተካክሉ እንጨቱ መቅረጫውን ገጭቶታል። እኔ ድምፁን ከልማድ ብዛት እንኳን አላስተዋልኩትም። እሱን ቆርጬ ስጥለው ከፍተኛው ቀሪ ጫፍ ከዜሮ በታች 19 ዴሲቤል ነበር። 18 ጨመርኩበት፤ አሁን በግማሽ ከፍቼ ነው የምሰማው።

መነጽርም አደርጋለሁ፤ ሳወልቀው ወፍራሞቹ አውታሮች ተመለሱ። ያለ መነጽር ግን ስክሪኑ አይታየኝም።

አንድ ቅሬታ፦ ድምፁ ሲጨምር ጀርባው ላይ የነበረው የታክሲ ረዳት ጥሪም አብሮ ከፍ ብሏል፤ በመዝሙሩ መሐል «መገናኛ፣ መገናኛ» ይላል።

የስቱዲዮ ሰው፦

አምፕሊፋየሩን ብትገዛም ረዳቱን አብሮ ያመጣልህ ነበር። የሚቀረፈው በቀረጻ ጊዜ ነው። መቅረጫውን ወደ በገናው አስጠጋ፣ ከተገጨው እንጨት ግን አርቀህ ለብቻው መቆሚያ ላይ አስቀምጠው። መምህሩን ከመጀመራቸው በፊት ጠንከር አድርገው እንዲመቱልህ ለምንና በጣም ኃይለኛው ምት ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል ላይ እንዲያርፍ የመቅረጫውን መጠን አስተካክል።

ለመነጽሩ ዘንጉ ቀጭን የሆነ ፍሬም ብዙ ይረዳል።

የአዳማው፦

እኔ ግን ልዩነቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በቁጥር አልከራከርም።

የስቱዲዮ ሰው፦

ሰምተሃል፣ አላስተባብልም። ያንተ ላፕቶፕ ደካማ ከሆነ ወይም ጩኸት ያለው ከሆነ ልዩነት ይኖራል። ግን አምፕሊፋየሩን ስትሰካ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር ወይስ ከበፊቱ ጋር እኩል? ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን ሁሉ «የተሻለ» ይለዋል። ሁለቱንም በአንድ ልክ አድርግና ሌላ ሰው ሳያሳይህ ይቀያይርልህ። ያኔም ከለየኸው ያንተ ገንዘብ በከንቱ አልሄደም።

አዲስ አባል ከሐዋሳ፦

በዚሁ ላይ ልጠይቅ። የኔ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ነው፣ 16 ኦም። ሙዚቃ ሳይኖር እንኳን ላፕቶፑ ላይ ሽሽሽ ይላል። አምፕሊፋየር ያጠፋልኛል?

የፒያሳው ጠጋኝ፦

ልጄ፣ ላንተ አምፕሊፋየር ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። እንዲህ ያሉ ማዳመጫዎች በጣም ትንሽ ኃይል ይበቃቸዋል፤ ስለዚህ የመሣሪያውንም ሹክሹክታ ይሰሙታል። ለስምንት ብታካፍለው የመውጫህ ተቃውሞ ከ2 ኦም መብለጥ የለበትም፤ ለዚህ አነስተኛ የዩኤስቢ አዳፕተር ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለህ አዳምጥ። ጩኸቱ አብሮ ከጠፋ የምትቀይረው ቻርጀሩን ነው።