እናቴንና ልጆቼን ይዤ ተራራ ላይ ሙዚቃ ልሰማ አስቤያለሁ፤ ቬይል ወይስ አስፐን?

ጥያቄ — የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ወገኖች። ዴንቨር አካባቢ መኖር ከጀመርኩ አምስት ዓመት አልፎኛል። ተራራው ላይ የወጣሁት ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በበረዶ። መኪናው እየተንሸራተተ ስንጮህ ስለዋልን "ሁለተኛ አይለምደኝም" ብዬ ነው የተመለስኩት።

ዘንድሮ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች፤ ሁለት ሳምንቷ ነው። ወንድሜም ሊያያት በጁላይ ከሂውስተን ይመጣል። ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጬ ልሸኛት አልፈለግኩም። ሥራ ቦታ ያሉ ሰዎች ክረምት ላይ ተራራው ሙዚቃ በሙዚቃ ነው ይላሉ። (ክረምት ስል ሰመሩን ነው። እዚህ አገር ክረምትና በጋ ከተምታታብኝ ቆይቷል።)

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ከሁለቱ የኮሎራዶ ተራራ ከተሞች ቬይል ይሻላል አስፐን? ብዙ ገንዘብ ማውጣት አልችልም፤ በነፃ የሚታይ ነገር አለ ይባላል፣ እውነት ነው? ኦርኬስትራ ተቀምጬ ሰምቼ አላውቅም፤ ልጆቼ ደግሞ 6 እና 9 ዓመታቸው ነው፣ ፀጥ ብለው አይቀመጡም። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ከፍታው ይጎዳት ይሆን? መንገዱንም ንገሩኝ። ዳገትና ቁልቁለት መንዳት እፈራለሁ።

መልስ — ሹፌሩ

እኔ ሥራዬ ከኤርፖርት ሰው ጭኜ ተራራ ማውጣት ነው። ስለሙዚቃው ሌሎች ይንገሩሽ፤ እኔ ስለመንገዱ ልንገርሽ።

ልጅና ትልቅ ሰው ከያዝሽ ቬይል ሂጂ። ከዴንቨር ወደ 160 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ ሁለት ሰዓት ግድም። አስፐን በግሌንዉድ ስፕሪንግስ በኩል ሲኬድ አራት ሰዓት ድረስ ይፈጃል። በኢንዲፔንደንስ ፓስ የሚያቋርጠው አጭሩ መንገድ ሰመር ላይ ክፍት ነው፤ ግን 3,687 ሜትር ላይ ይወጣል። ጠባብ ነው፣ በአንዳንድ ቦታ ሁለት መኪና በቅጡ አያሳልፍም፣ ጠርዙ ላይ መከለያ የለውም። እፈራለሁ ካልሽ እሱን እርሺው።

ወደ ቬይል የሚወስድሽ አይ 70 አውራ ጎዳና ነው። የአይዘንሃወርን ዋሻ ታልፊያለሽ፤ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከዋሻው እንደወጣሽ ረጅም ቁልቁለት አለ። ፍሬን ላይ እግርሽን ተክለሽ አትውረጂ፤ ፍሬኑ ይግልና ይሸታል፣ ከዚያም መያዙን ይተዋል። ማርሽ ቀንሺና ሞተሩ ይያዝልሽ። አውቶማቲክ መኪናም ዝቅተኛ ማርሽ አለው፤ ከመሄድሽ በፊት የት እንዳለ እዪው።

ዋናው ነገር ደግሞ እሁድ ከሰዓት አትመለሺ። ዴንቨር ያለው ሰው ሁሉ በዚያች መንገድ ነው የሚወርደው። ሁለት ሰዓቱ አራት ይሆናል፣ ልጆቹ ሽንት ቤት ይላሉ፣ እናትሽም ዝም ብለው ይበሽቃሉ። ወይ ጠዋት በማለዳ ውረጂ፣ ወይ ማታ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ። ስትመለሺ አይዳሆ ስፕሪንግስ አካባቢ በግራ በኩል የሚከፈልበት ኤክስፕረስ መስመር አለ። መሬቱ ላይ ያልተቆራረጠውን ቀለም አቋርጠሽ እንዳትገቢ፤ ካሜራ ያነሳሻል፣ ቅጣቱ ቤትሽ ድረስ ይመጣል።

መንዳቱ ከከበደሽ ባስታንግ የሚባል የስቴቱ አውቶቡስ ከዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን ተነስቶ ቬይል ይሄዳል። ቬይል ከደረስሽ በኋላ የከተማው አውቶቡስ ነፃ ነው። የከተማዋ መሃል እንደሆነ የእግረኛ ነው፤ መኪና እዚያ ምንም አይጠቅምሽም።

መልስ — ክራር

ሙዚቃውን እኔ ልውሰደው።

ቬይል ውስጥ የጄራልድ ፎርድ አምፊቴአትር አለ። ፕሬዚዳንት የነበሩት ፎርድ በዚያ አካባቢ ቤት ነበራቸው፣ ለዚያ ነው በስማቸው የተሰየመው። ከ2,500 ሰው በላይ ይይዛል። ፊት ለፊቱ ጣሪያ ያለው ወንበር ነው፣ ከኋላው ደግሞ ተዳፋት ሣር። ሣሩ ላይ ተቀምጠሽ መድረኩንም ተራራውንም ታያለሽ።

እዚያ ብራቮ ቬይል የሚባል የሙዚቃ ፌስቲቫል አለ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1987 ነው የተጀመረው። ከጁን መጨረሻ ግድም ጀምሮ እስከ ኦገስት መጀመሪያ ይቆያል። የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ የሚባለው ኦርኬስትራ ከ2003 ጀምሮ በየሰመሩ ማለት ይቻላል ይመጣል። የፊላዴልፊያ ኦርኬስትራም ይመጣል። እነዚህ በዓለም ላይ ስማቸው የሚጠራ ናቸው፤ ከተማቸው ድረስ ሄደሽ ብትሰሚያቸው ኪስሽን ያራቁታል። ይሄኛው ነፃ አይደለም፤ የሣሩ ቲኬት ግን ከወንበሩ በብዙ ይረክሳል። በነፃ የሚባለው በአብዛኛው ማክሰኞ ማታ እዚያው አምፊቴአትር ላይ የሚደረገው ኮንሰርት ነው፣ ሆት ሰመር ናይትስ ይሉታል። እሱ ኦርኬስትራ ሳይሆን ባንድ ነው፤ ሮክ፣ ሬጌ፣ የመሳሰለው። ልጆቹ ይጨፍሩበታል።

ምከረኝ ካልሽ የመጀመሪያ ጊዜሽ ስለሆነ ከማክሰኞው ጀምሪ። ኦርኬስትራውን ከወደድሽ የፊልም ሙዚቃ የሚጫወቱበትን ምሽት ከፕሮግራሙ ፈልጊ። ሁለት ሰዓት በሚፈጅ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ልጅ አትቅጪ።

ስለ ጭብጨባው አትጨነቂ። አንድ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ክፍል አለው፣ በየመሃሉ ፀጥ ይላል፣ ያኔ አይጨበጨብም። የኦርኬስትራው መሪ እጁን አውርዶ ወደ ሕዝቡ ሲዞር ነው የሚጨበጨበው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ብቻዬን አጨብጭቤ ሰው ሁሉ ዞሮ አይቶኛል። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቴ እስኪጀምር እጄን ታፋዬ ሥር አስቀምጣለሁ።

መልስ — ነርሷ

ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ከፍታውን በተመለከተ የምትጨነቂው ለተሳሳተ ሰው ነው።

ቬይል 2,484 ሜትር ላይ ናት። አስፐን 2,410 ሜትር። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እናትሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ከቬይል እምብዛም በማያንስ ከፍታ ላይ ነው! ዴንቨር 1,600 ሜትር ነው፤ ለእሳቸው ቆላ ነው የወረዱት።

ያሳሰበኝ ወንድምሽ ነው። ሂውስተን ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም። ከአውሮፕላን አውርደሽ በዚያው ቀን ቬይል ካወጣሽው ማታ ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸው፣ እንቅልፍም እምቢ ሊለው ይችላል። ቢያንስ አንድ ሌሊት ዴንቨር ያሳልፍ፣ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። ውኃ ይጠጣ። የመጀመሪያውን ማታ ቢራውን ይተው። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ቁጭ ብሎ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው ወይም አረማመዱ ከተንገዳገደ "ያልፍለታል" አትበሉ፤ ይዛችሁት ውረዱ፣ ሕክምናም ውሰዱት።

ያም ሆኖ ለእናትሽ የደም ግፊት አለና ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማቸውን ጠይቂ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍታ ላይ ግፊት ከፍ ሊል ይችላል። መድኃኒታቸው በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ አይቀበር። የደም ግፊት መለኪያ ካላችሁ ያዙት። ፀሐዩም ቀላል አይደለም፤ ከፍ ባልሽ ቁጥር ይበረታል። ኮፍያ ለሁሉም።

የሁለት ልጆች እናት

ነርሷ፣ እግዜር ይስጥሽ። ለእናቴ ሳነብላት ሳቀች። "ድሮም እሱ ልጅ ደካማ ነው" አለች። ወንድሜን ሁለት ቀን ቀድሞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።

ሹፌሩ፣ ዝቅተኛ ማርሹን ፈልጌ አገኘሁት። አምስት ዓመት ስነዳው አላየሁትም ነበር።

መልስ — የአስፐን ሰው

ሁላችሁም ለቬይል አዳላችሁ። አስፐን ስንት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ዝም ብዬ አላልፍም።

ልጅት "በነፃ" አለች እኮ። የአስፐን ሙዚቃ ፌስቲቫል ከ1949 ጀምሮ ያለ ነው፣ ስምንት ሳምንት ያህል ይቆያል። ዋናው ኮንሰርት የሚደረገው ቤኔዲክት ድንኳን ውስጥ ነው። ድንኳን ሲሉት ተራ ድንኳን እንዳይመስላችሁ፤ 2,050 ወንበር አለው። ጎኑ ክፍት ስለሆነ ድምፁ ውጭ ይወጣል። ውጭ ያለው ሣር ላይ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ነፃ ነው። ቲኬት የሚጠይቅሽ የለም። እሁድ ከሰዓት በ10 ሰዓት (በፈረንጅ 4 ሰዓት) ትልቁ ኦርኬስትራ ይጫወታል፤ ቤተሰቡ ምሳውን ይዞ፣ ምንጣፉን ዘርግቶ፣ ልጁን አሯሩጦ ይሰማል። መድረኩን አታዪም፣ እሱ እውነት ነው። ሙዚቃውን ግን ትሰሚዋለሽ፤ ልጅ ቢያለቅስም ማንም አይገላመጥሽም፣ ተነስተሽ ራቅ ማለት ነው።

ፌስቲቫሉ ትምህርት ቤትም ነው። ወጣት ተማሪዎች ከታወቁት ጋር አብረው ይጫወታሉ። ከተማው ውስጥ ስትሄጂ ቫዮሊን በጀርባው ያዘለ ልጅ በየጥጉ ታያለሽ። ልጆችሽ ከኮንሰርቱ ይልቅ ያንን አይተው "እኔም" ቢሉስ?

ርቀቱ ላይ ግን ሹፌሩ ልክ ነው። ደርሶ መልስ አይሆንም። ማደሪያውም በሰመር እሳት ነው። አብዛኛው የአስፐን ሠራተኛ ራሱ የሚያድረው ታች፣ ባዛልት ወይም ካርቦንዴል ነው፤ አንቺም እንደዚያ አድርገሽ በአውቶቡስ ውጪ።

መልስ — ሹፌሩ

የአስፐን ሰው ያላለውን ልጨምር። ግሌንዉድ ካንየን በ2020 ተቃጥሎ ነበር፤ በ2021 ሰመር ዝናብ ሲመጣ ጭቃና ድንጋይ ወርዶ አይ 70ን ለሁለት ሳምንት ዘጋው። ወደ አስፐን የምትሄጂ ከሆነ ጠዋት ኮትሪፕ የሚባለውን የስቴቱን የመንገድ መረጃ ሳታይ አትነሺ።

መልስ — ብርዱ ያስተማረው

ማንም ስለ ዝናቡ አልተናገረም። እኔ ከደረሰብኝ ልናገር።

ባለፈው ጁላይ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ተራራው ላይ ሙዚቃ ልንሰማ ሄድን። ዴንቨር ሙቀቱ አያስኬድም፣ እኔም በቲሸርት ነው የተነሳሁት። እዚያ ስንደርስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ከተራራው ጀርባ ጥቁር ነገር ብቅ አለ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም፣ መብረቅ፣ በረዶ፣ ጎርፍ። ጁላይና ኦገስት ላይ ከሰዓት ከሰዓት እንዲህ ያደርጋል። ከዚያ ቶሎ ያባራል፣ ሰው ሣሩን ጠርጎ ይቀመጣል፣ ሙዚቃው ይቀጥላል። እኛ ግን ርሰናል። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ወረደ። ልጄ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ግማሹን ሳንሰማ ወጣን።

ጃንጥላ አትያዢ፤ የኋላ ሰው ይከለላል፣ ብዙ ቦታም ይከለክላሉ። ዝናብ ልብስ ለእያንዳንዱ፣ ሹራብ፣ ደረቅ ካልሲ፣ ከሥር የሚነጠፍ ላስቲክ። መብረቅ አይተሽ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቢ። ዛፍ ሥር አትጠለዪ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቂ። ጠዋት ጫካ ውስጥ የምትሄዱ ከሆነ እስከ ቀትር ጨርሱ።

ሌላው ማደሪያ ነው። እኛ በኢንተርኔት የያዝነው ቤት ሰውዬው በሁለት ቀን ቀደም ብሎ ሰረዘብን። ብሩን መለሰ፣ ግን የዚያን ሳምንት መጨረሻ ምን ላገኝ ነው? ሁለት እጥፍ ከፍለን አደርን። ስለዚህ ሰኞ ማክሰኞ ሂዱ። ቅዳሜና እሁድ የሚጠየቀውን ዋጋ ሰኞ አይጠይቁም። ወይም ፍሪስኮ ወይ ሲልቨርቶርን እደሩ፣ ከቬይል በፊት መንገድ ላይ ናቸው።

መልስ — ነርሷ

ፍሪስኮ 2,760 ሜትር ገደማ ናት፣ ከቬይል ትበልጣለች። ሰውን የሚረብሸው የሚያድርበት ቦታ ከፍታ ነው። ወንድምሽን አስቢ።

የሁለት ልጆች እናት

ወሰንኩ። ሰኞ ጠዋት ቬይል እንወጣለን፣ እዚያው እናድራለን፣ ማክሰኞ ማታ ነፃውን ኮንሰርት እንሰማለን። ሌላ ሌሊት አድረን ረቡዕ ጠዋት እንወርዳለን። አስፐንን ለሚቀጥለው ዓመት አስቀምጬዋለሁ፤ የአስፐን ሰው እንዳትቀየመኝ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ማክሰኞ ቀን ቀኑን እናቴን የት ላቆያት? ብዙ መራመድ አትወድም። ሣሩ ላይ ወንበር መያዝስ ይቻላል? መሬት ላይ መቀመጥ ጉልበቷን ያማታል።

መልስ — ክራር

ከአምፊቴአትሩ አጠገብ የቤቲ ፎርድ የአበባ ስፍራ አለ፣ የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ስም ነው። መግቢያ አይከፈልበትም። ከፍታ ላይ የሚበቅል አበባ ሁሉ ተሰብስቧል፣ በየመንገዱ አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያው ጎን የልጆች መጫወቻ አለ። እናትሽ አበባ ያያሉ፣ ልጆቹ ይጋልባሉ፣ አንቺ መሃል ላይ ቡናሽን ይዘሽ ትቀመጫለሽ። በር ሲከፈት ደግሞ ቅርብ ስለሆናችሁ ጥሩ ቦታ ትይዛላችሁ።

ወንበሩ ዝቅ ያለ ከሆነ ነው የሚፈቀደው። ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሉ የአምፊቴአትሩን ድረ ገጽ ዕለቱን እዪ፣ የሚገባና የማይገባ ነገር ዝርዝሩም እዚያ አለ። ዝቅ ካለ ወንበር መነሳት ለጉልበት ከባድ ነው፣ ስለዚህ ከወንድምሽ አጠገብ አስቀምጫቸው፤ ራሱን ካላመመው ያነሳቸዋል።

መልስ — ብርዱ ያስተማረው

ጋቢም አትርሺ። ባለፈው ዓመት ጎናችን የተቀመጡ አንዲት እናት ነጭ ጋቢ ተከናንበው ነበር፣ ዙሪያቸውን ያለው ፈረንጅ ሁሉ በቅናት ያያቸው ነበር። ሁለት ያዢ።