የጭስ ሙቀት ጌጁን ማመን አቃተኝ

እባካችሁ መላ በሉኝ። ቱርቦ ናፍጣ ፒክአፔ ላይ ሁለት ጌጅ ገጠምኩ፤ አንዱ የቱርቦ ግፊት፣ ሌላው የጭስ ሙቀት። ግፊቱ ሰላም ነው። ነዳጅ ስረግጥ መርፌው ይወጣል፣ ስለቅ ይወርዳል። ራሴን ያዞረኝ ሙቀቱ ነው።

ሴንሰሩን የተከልኩት ከቱርቦው በፊት፣ ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ የሚያወጣው ቱቦ) ላይ ነው። የብረት ብናኝ ቱርቦው ውስጥ እንዳይገባ ብዬ ማኒፎልዱን አውርጄ በሳሁት። እሱ ብቻ ሙሉ ቅዳሜዬን በላው! ሴንሰሩ ኬ ታይፕ ቴርሞካፕል ነው፤ ማለትም ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጋጥመው በሙቀት ልዩነት ትንሽ ቮልቴጅ የሚሰጡበት ዓይነት። ሽቦው ዳሽቦርዱ ጋ አልደርስ ስላለ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ቆርጬ ተራ የመዳብ ሽቦ ቀጠልኩበት። አሁን ሳስበው ጥፋቴ እዚህ ጋ ሳይሆን አይቀርም።

ምክንያቱም ጠዋት መንገድ ስጀምር ዳገቱ ላይ 620 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሳየኛል። ከሰዓት፣ ሞተር ክፍሉ በደንብ ከጋለ በኋላ፣ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ጭነትና ማርሽ 560 ይላል። ጭሱ ቀዝቅዞ ነው እንዳልል፣ እንዴት ሆኖ?

ሌላም አለ። የፊት መብራት ሳበራ መርፌው ዘለል ይላል። የጌጁን ማሳ (የኔጌቲቭ ሽቦውን) ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ሌሎች ሽቦዎች የታሰሩበት ብሎን ላይ ነው ያሰርኩት።

የመዳቡን ሽቦ አውጥቼ እስከ ጌጁ ድረስ የኬ ታይፕ ማራዘሚያ (ለዚህ ሴንሰር ዓይነት የተሠራ ሽቦ) ብዘረጋ ይስተካከላል? ወይስ ሴንሰሩን ራሱን ልቀይር? ማሳውንስ ቀጥታ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ልውሰደው? ከባድ ጭነት ሊመጣብኝ ስለሆነ፣ እጃችሁ ላይ የሞከራችሁት ካለ ቶሎ ንገሩኝ።