ጥቆማ፦ ከዱባይ በመጣ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ለመጫን የቱ ይሻላል?

ጥያቄ

እህቴ ከዱባይ አዲስ ላፕቶፕ ልካልኛለች። ዕቃው ከነካርቶኑ ያልተከፈተ ነበር፤ ነገር ግን ሳበራው ሁሉም ነገር በዐረብኛ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ ለመቀየር ስሞክርም ፈቃዱ ከአንድ ቋንቋ በላይ እንደማይቀበል ይነግረኛል። በዚያ ላይ ያልጠየቅኋቸው የሙከራ ፕሮግራሞች በየጊዜው ብቅ እያሉ ክፍያ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ ዊንዶውስን ከባዶ መጫን እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ ሥራ ማንን ትጠቁሙኛላችሁ? የመርካቶ የጥገና ሱቆች፣ መገናኛና ቦሌ አካባቢ ያሉት የኮምፒውተር መሸጫዎች፣ ወይስ ራሴ ብሠራው ይሻላል? የምገዛው ፍላሽስ ምን ዓይነት ይሁን?

ጥቆማ

ከሱቅ ምርጫው በፊት የፈቃዱን ጉዳይ መመልከት ይገባል፤ የቱ አገልግሎት እንደሚያዋጣዎ የሚወስነው እርሱ ነውና። ላፕቶፕዎ ዊንዶውስ ተጭኖበት የተሸጠ በመሆኑ የፈቃዱ ዋጋ እህትዎ በከፈሉት ገንዘብ ውስጥ ተካቷል። ዊንዶውስ 8 ከወጣበት ጊዜ አንሥቶ ታዋቂዎቹ አምራቾች የምርት ቁልፉን የሚያኖሩት እንደ ድሮው ከሥር በሚለጠፍ ወረቀት ላይ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ ቀድሞ በሚነሣው ፕሮግራም) ውስጥ ነው። ስለዚህ ዲስኩ እንዳለ ቢጠፋም ቁልፉ አይነካም፤ አዲሱ ዊንዶውስ በሚጫንበት ጊዜ ቁልፉን ራሱ አንብቦ ትክክለኛውን ዕትም ይመርጣል፣ ኢንተርኔት እንዳገኘም ያለ ማንም እርዳታ አክቲቬት ይሆናል፣ ማለትም ፈቃዱ ይጸድቃል። የሚጫነውን ፋይል ደግሞ ማይክሮሶፍት በገጹ ላይ በነፃ ያቀርባል። በሌላ አነጋገር፣ ለማንኛውም ሱቅ የሚከፍሉት ለሰውየው ጊዜና ለፍላሹ እንጂ ለዊንዶውሱ አይደለም።

የዐረብኛው ችግር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የገለጹት መልእክት የሚመጣው «ሆም ሲንግል ላንጉጅ» በሚባለው ዕትም ላይ ነው። ገደቡ ከተጫነ በኋላ ሌላ ቋንቋ መጨመርን ይከለክላል እንጂ ሲጫን የትኛው ቋንቋ እንደሚመረጥ አይወስንም፤ በእንግሊዝኛ ከተዘጋጀ ፍላሽ እንደ አዲስ ቢጫን ያው ፈቃድ በእንግሊዝኛ ይሠራል። አንዳንድ ሱቆች «ይህ የሚለወጠው ፕሮ (ከሆም ከፍ ያለው ዕትም) ሲጫን ብቻ ነው» ይላሉ፤ አይቀበሏቸው።

አሁን ወደ ማነጻጸሩ እንምጣ። ትንንሾቹ የጥገና ሱቆች ፈጣኖች ናቸው፣ ዋጋቸውም ዝቅ ያለ ነው፤ ለፍጥነታቸው ግን ምክንያት አላቸው። ብዙ ጊዜ የሚጭኑት ቀደም ብለው ያዘጋጁትን፣ ክራክ የተደረገ (ያለ ፈቃድ እንዲሠራ የተሰበረ) ኦፊስና ሌሎች ፕሮግራሞች የታጨቁበትን የፕሮ ቅጂ ነው። ፕሮ በተጫነበት ላፕቶፕ ላይ በባዮስ ያለው የሆም ቁልፍ ስለማይገጥም የተገዛው ፈቃድ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ቦታውን የሚይዘው ክራክም እንዲሠራ በአብዛኛው የዊንዶውሱን ጸረ ቫይረስ ማጥፋት ወይም የተወሰነ ፎልደርን ከፍተሻ ውጭ ማድረግ ይጠይቃል። ላፕቶፑ የባንክ መተግበሪያና የሥራ ኢሜይል የሚከፈትበት ከሆነ ይህን በር ክፍት ትቶ መሄድ ተገቢ አይደለም። ስለዚህ ወደ እነዚህ ሱቆች ከሄዱ ከዋጋው በፊት «በራሱ ፈቃድ፣ ከማይክሮሶፍት በወረደው ፋይል ትጭኑልኛላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ባለሙያው ያለ ማመንታት «አዎ፣ ቁልፉ ባዮስ ውስጥ አለ» ካለ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያሉ ጎበዞች አሉ፣ ከትልልቆቹ መሸጫዎች የማያንስ ሥራም ይሠራሉ።

መገናኛና ቦሌ ያሉት መሸጫዎች ብዙዎቹ ከራሳቸው ለተገዛ ዕቃ ይህን ሥራ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ይሠራሉ፤ ከውጭ ለመጣ ዕቃ ግን ከትንሹ ሱቅ የበለጠ ይጠይቃሉ፣ የሚሰጡት ነገር ደግሞ ሁልጊዜ የበለጠ አይደለም። የእነርሱ ጥቅም ደረሰኝ መስጠታቸውና ችግር ቢፈጠር ተመልሰው የሚያገኙት ሰው መኖሩ ነው።

ሥራውን ለማንም ይስጡት፣ ሠራተኛው በራሱ የማይክሮሶፍት አካውንት እንዳይገባበት አጥብቀው ይከልክሉ። ከዊንዶውስ 11 የ24 ኤች 2 ዕትም ጀምሮ እንደ አዲስ የተጫነ ላፕቶፕ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ዲስኩ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይመሰጠራል፤ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍም የሚቀመጠው መጀመሪያ በገባው ሰው አካውንት ውስጥ ነው። አንድ ቀን ባዮስ ተለውጦ ላፕቶፑ ቁልፉን ቢጠይቅ ቁልፉ ያለው በማያውቁት ሰው ኢሜይል ውስጥ ይሆናል። መጫኑ እንዳበቃ «ሰላም» ከሚለው የመጀመሪያ ገጽ ላይ አቁመው እንዲያስረክቡዎ ይጠይቁ፣ የቀረውን ቤትዎ ይጨርሱ።

የእኔ ጥቆማ ግን ራስዎ እንዲሠሩት ነው። አዲስ በመሆኑ የሚጠፋ ፋይል የለዎትም፤ ቢበላሽም ደግሞ መጀመር ይቻላል። የሚያስፈልገው ሌላ ኮምፒውተር፣ 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽና ኢንተርኔት ነው። ፋይሉ ከ5 ጊጋባይት ስለሚበልጥ በቀን የሞባይል ዳታ ማውረድ ለኪስ ይከብዳል፤ የቤት ዋይፋይ ከሌለዎ የኢትዮ ቴሌኮምን የሌሊት ጥቅል ቢጠቀሙ ይረክስልዎታል።

በፍላሹ ላይ ግን አይቆጥቡ። በየመንገዱ በርካሽ የሚሸጡት «1 ቴራባይት» እና «2 ቴራባይት» ፍላሾች ብዙዎቹ ሐሰተኞች ናቸው፤ ውስጣቸው ያለው ቺፕ እጅግ ትንሽ ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩን እንዲያታልል ተደርጎ የተሞላ ነው፣ ከእውነተኛው መጠን ያለፈው ፋይል ሁሉ በዝምታ ይጠፋል። በእንዲህ ያለ ፍላሽ የተጀመረ ጭነት መሐል ላይ ፋይል አጣሁ ብሎ ይቆማል፣ ባለቤቱም ጥፋቱን በላፕቶፑ ያሳብባል። 16 ወይም 32 ጊጋባይት የሆነ፣ የኪንግስተን ወይም የሳንዲስክ ፍላሽ ይበቃዎታል። እነዚህም ማርካቸው ስለሚኮረጅ፣ እንደገዙ «ኤች 2 ቴስት ደብሊው» በተባለው ነፃ የጀርመን ፕሮግራም ሙሉ መጠኑን ይፈትሹ፤ ሱቁ እንዲቀይርልዎ ቀድመው ቢስማሙም ይመረጣል።

ፍላሹን ለማዘጋጀት የማይክሮሶፍቱ «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» ለእርስዎ ጉዳይ ከሁሉ የተሻለ ነው፦ ቋንቋውን እንግሊዝኛ አድርገው ይመርጣሉ፣ የቀረውን እርሱ ይጨርሰዋል። ሩፈስ የተባለው ሌላ የፍላሽ ማዘጋጃ የበለጠ ምርጫ ይሰጣል፤ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ለመጫን የሚሹ ሰዎች ይወዱታል። ቬንቶይ የሚባለው ደግሞ በአንድ ፍላሽ ላይ ዊንዶውስንም፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ኡቡንቱንም አንድ ላይ ለሚይዝ ባለሙያ የተሠራ ነው፤ ለአንድ ላፕቶፕ አያስፈልግም። ከዚህ ውጭ ሌኖቮ፣ ኤች ፒና ዴል በመለያ ቁጥሩ መሠረት የፋብሪካውን ቅጂ ከኢንተርኔት አውርደው የሚጭኑ የየራሳቸው ነፃ መሣሪያዎች አሏቸው። ድራይቨሩን (የላፕቶፑን ክፍሎች ከዊንዶውሱ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ሁሉ አሟልተው ያመጣሉ፤ ነገር ግን እርስዎ ሊያጠፏቸው የፈለጓቸውን የሙከራ ፕሮግራሞችም መልሰው ሊያመጡ ስለሚችሉ ለመጠባበቂያ ብቻ ይያዟቸው። በዊንዶውሱ ውስጥ ያለው «ሪሴት» የሚባለውም ተመሳሳይ ድክመት አለበት።

እዚህ ላይ ከባዶ መጫን ለምን እንደሚመረጥ አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሌኖቮ በአንዳንድ ላፕቶፖቹ ላይ ከፋብሪካ ጭኖት የነበረው ሱፐርፊሽ የተባለ የማስታወቂያ ፕሮግራም የተመሰጠሩ ገጾችን ሳይቀር መሐል ገብቶ እንደሚያነብ ተጋለጠ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ከባዮስ እየተነሣ፣ ዊንዶውሱ ከባዶ ከተጫነ በኋላም ራሱን መልሶ የሚተክል ሌላ የኩባንያው ፕሮግራም ተገኘ። ለሁለተኛው መፍትሔ የሆነው የባዮስ ማሻሻያ ነበር። ስለዚህ ከመጫንዎ በፊት አዲሱን ባዮስ ከአምራቹ ገጽ አውርደው ማደስ አይከፋም፤ በዚያ ሰዓት ላፕቶፑ ከቻርጀሩ እንዳይነቀል፣ ባትሪውም የሞላ ይሁን፣ መብራት ሲጠፋ ላይ መድረስ ያለ ነገር ነውና።

ሥራው ራሱ አጭር ነው። ላፕቶፑን ሲያበሩ በኤች ፒ ኤፍ 9፣ በዴልና በሌኖቮ ኤፍ 12 በመጫን ከፍላሹ እንዲነሣ ያደርጋሉ፤ የት እንደሚጫን ሲጠየቁ በላፕቶፑ ዲስክ ላይ ያሉትን ክፍልፋዮች በሙሉ አጥፍተው ባዶውን ቦታ ይመርጣሉ። የላፕቶፑ ዲስክ በዝርዝሩ ውስጥ ካልታየ ተበላሽቷል ብለው አይደንግጡ፤ ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ባሉ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ የተለመደ ሲሆን፣ ከአምራቹ ገጽ የ«ራፒድ ስቶሬጅ» ድራይቨሩን አስቀድመው በፍላሹ ላይ ካስቀመጡ «ሎድ ድራይቨር» በሚለው ይጭኑታል። ዋይፋዩ ባይሠራ ደግሞ ስልክዎን በኬብል አገናኝተው ኢንተርኔቱን ማጋራት ይበቃል። «ዲስኩን ሰባት ጊዜ ደርበን እናጠፋለን» ብሎ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቅ ሱቅ ካጋጠመዎ ይለፉት፤ በአዲስ ላፕቶፕ ላይ የሚደበቅ ነገር የለም፣ ኤስኤስዲ በሚባለው ባለ ቺፕ ዲስክ ላይም ደጋግሞ መጻፍ ዕድሜውን ይበላል እንጂ ሁሉንም ሕዋስ አይደርስበትም።

ሲጨርሱ በኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ የኢትዮጵያ ፎንቶች ተጨማሪውን ይጫኑ፤ ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ከዋናው ጋር ስለማይመጣ በእርሱ የተጻፉ ሰነዶች ካለዚያ መልካቸው ይለወጣል። የአማርኛ ኪቦርድ በዊንዶውሱ ውስጥ አለ፤ በለመዱት የድምፅ አጻጻፍ ለመጻፍ ግን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚሰጠው ኪይማን የተባለ የኪቦርድ ፕሮግራም ይመቻል።

ተከታይ ጥያቄ

እኔ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው ልገዛ ያሰብሁት፤ ከአሜሪካ የመጣ ነው ተብሏል። ዊንዶውሱን ከባዶ ከጫንሁ የቀድሞው ባለቤት ነገር ሁሉ ይጠፋል ማለት ነው?

ምላሽ

ፋይሉ ይጠፋል፣ ቁጥጥሩ ግን ላይጠፋ ይችላል። የድርጅት ወይም የትምህርት ቤት ንብረት የነበሩ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት «አውቶፓይለት» የተመዘገቡ ከሆነ ስንት ጊዜ ቢጫን ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኙ የድርጅቱን ኢሜይልና የይለፍ ቃል ይጠይቃሉ፤ ምዝገባውን መሰረዝ የሚችለው ድርጅቱ ብቻ ነው። የባዮስ የይለፍ ቃልም እንዲሁ ከዲስኩ ጋር ግንኙነት የለውም። አንዳንድ ሻጭ ይህን አውቆ ያለ ኢንተርኔት ጭኖ ያሳያል። ስለዚህ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ባዮስ እንዲከፈትልዎ ይጠይቁ፣ ከዚያም ከባዶ አስጭነው በራስዎ ስልክ ኢንተርኔት አገናኝተው የመጀመሪያውን ገጽ እስኪያልፍ ይጠብቁ። በተጨማሪም ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛው ትውልድ በታች እንዳይሆን ይመልከቱ፤ ዊንዶውስ 11 ከዚያ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዋጋው ስቦዎት 7ኛውን ትውልድ ከገዙ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ ቢጭኑበት ይሻላል፤ አማርኛም አይባስ በሚባለው የጽሕፈት ፕሮግራም በኩል ይጻፍባቸዋል።