ሁሉም ፅንስ ፍሪዝ ይደረግ (ቀዝቅዞ ይቀመጥ) ተባልኩ፣ ሳይቀዘቅዝ ፍሬሹን ማስገባት አይሻልም ወይ?

ብርቱካን 31፦
ሰላም እህቶች እስኪ የምታውቁ በናታችሁ ምከሩኝ። 31 አመቴ ነው፣ ከተጋባን 6 አመት ሆነን፣ ፒሲኦኤስ (እንቁላል በጊዜው እንዳይለቀቅ የሚያደርግ የሆርሞን መዛባት) አለብኝ። እዚሁ አዲስ አበባ አይቪኤፍ (እንቁላል አውጥቶ በላብ ማፅነስ) ጀምረን ከአምስት ቀን በፊት 24 እንቁላል አወጡልኝ፣ እኔማ ዛሬ ያስገቡልኛል ብዬ ከስራ ፈቃድ ሁሉ ወስጄ ነበር፣ ጠዋት ተደውሎ ስድስት ፅንስ ደርሷል ግን አሁን አናስገባም ሁሉም ፍሪዝ ይደረጋል አሉኝ። ለምን ብዬ የደወለችልኝን ስጠይቃት "ላንቺ ስለሚሻል ነው" ብላ ዘጋችው በቃ። ሳለቅስ ነው የዋልኩት። አማቴ ደግሞ በረዶ ውስጥ የከረመ ልጅ ጤነኛ ይሆናል ወይ ትላለች፣ ምን ብዬ ልመልስላት? ሆዴም ተነፍቶ ቀሚሴ አልዘጋ ብሏል። ብሩን ከእቁብ ነው ያወጣነው፣ ተሳስተን እንዳይሆን ፈራሁ።

የላብ ሰው፦
አይዞሽ እህቴ፣ የምሰራው ፅንስ ላብራቶሪ ውስጥ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ። አማትሽ በረዶ ያሉት በድሮው ዘዴ ቢሆን እውነት አላቸው፣ ድሮ ቀስ እየተባለ ስለሚቀዘቅዝ ሴሉ ውስጥ በረዶ እየሰራ ብዙ ፅንስ ይጎዳ ነበር። አሁን ግን ቪትሪፊኬሽን ነው፣ ፅንሱ ውሃውን የሚተካ ፈሳሽ ውስጥ ይቆይና በቀጭን ፕላስቲክ ጫፍ ላይ በአይን በማትለዪው ጠብታ ሆኖ ስምሽ ከተፃፈበት በኋላ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ናይትሮጅን ውስጥ ባንዴ ይገባል፣ በረዶ የሚሰራበት ጊዜ እንኳን አያገኝም። ጥሩ ላብ ላይ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነው ሲቀልጥ በህይወት ይገኛል። የመጀመሪያዋ ፍሪዝ ከተደረገ ፅንስ የተወለደች ልጅ እኮ አውስትራሊያ ሜልቦርን በፈረንጆቹ 1984 ነው የተወለደችው፣ አዲስ ነገር አይደለም።
ለምን ላልሽው፣ 24 እንቁላልና ፒሲኦኤስ ካለ ኦቫሪሽ (እንቁላል የሚያመነጨው አካል) አብጧል ማለት ነው። አሁን አስገብተውልሽ ብታረግዢ የእርግዝናው ሆርሞን እብጠቱን ያባብሰውና ሆድሽ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲብስ ሳንባና ኩላሊት ድረስ ይሄዳል። በፈረንጆቹ 2016 የወጣ የቻይና ጥናት አለ፣ ፒሲኦኤስ ያለባቸው 1508 ሴቶች ላይ፣ ፍሮዝን ካስገቡት 49.3 በመቶ ወለዱ፣ ፍሬሽ ካስገቡት 42። ያ የኦቫሪ እብጠት ችግር ደግሞ 1.3 በመቶ ብቻ ሆነ፣ ፍሬሽ ላይ 7.1። በስልክ ሁለት ደቂቃ ወስደው ይህን ሊነግሩሽ ይገባ ነበር፣ በጣም ነው ያናደደኝ። ለማንኛውም ዛሬውኑ ተመዘኚ፣ ኪሎሽ ቶሎ ቶሎ ከጨመረ፣ ሽንትሽ ካነሰ ወይ ትንፋሽ ካጠረሽ እንዳታድሪ ሂጂ።

የኔታንያዋ፦
ማሬ አታልቅሺ። እኔ እስራኤል ነው ያለሁት፣ እዚህ እስከ 45 አመት ለሁለት ልጅ መንግስት ይከፍላል፣ ግን ጭንቀቱ ያው ነው። አራት ፍሪዝ ነበረኝ፣ አንዱ ሲቀልጥ ሞተ፣ አንዱ ገብቶ አልያዘም፣ ሶስተኛው ይኸው አሁን ጫማዬን አድርጋ ቤቱን እየዞረችው ነው። 3 ኪሎ ከ900 ነው የተወለደችው፣ ፍሮዝን ልጆች ትንሽ ገዘፍ ይላሉ ብለውኝ ነበር። እኔን ያስቸገረኝ ደም ግፊት ነው፣ በ35ኛው ሳምንት ራስ ምታት ሲነሳብኝ ድካም ነው ብዬ ሁለት ቀን ዝም አልኩ፣ እንዳትሞክሪው።

አብራችሁ ጠይቁ፦
ከላይ ባለው ላይ ልጨምር። ያ የቻይና ጥናት ላይ ፍሮዝን ያስገቡት ፕሪኢክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት) 4.4 በመቶ ነበር፣ ፍሬሾቹ 1.4፣ ይሄም መነገር አለበት። ፍሪዝ ለሁሉም ሴት ይበልጣል ማለትም አይደለም፣ በፈረንጆቹ 2018 ቬትናም ውስጥ ፒሲኦኤስ የሌለባቸው 782 ሴቶች ላይ ሲታይ በመውለድ ልዩነት አልነበረም። ላንቺ ግን የሚሻል ይመስለኛል። ዶክተርሽን የምትጠይቂው ማህፀኔን በምን ነው የምታዘጋጁት ብለሽ ነው፣ በሆርሞን ክኒን ብቻ ከሆነ እንቁላል ስለማይለቀቅ ከተለቀቀ በኋላ ኦቫሪ ላይ የሚቀረው ሆርሞን አመንጪ አካል አይኖርም፣ ግፊቱ በዚያ መንገድ በተዘጋጁት ላይ በዝቶ ታይቷል። ፔሬድሽ የተዛባ ቢሆንም እንቁላል በሚያስለቅቅ መድሃኒት ማዘጋጀት ይቻላል ወይ በይው።

ብርቱካን 31፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ትናንት ማታ ብመዘን 3 ኪሎ ጨምሬ ተገኘሁ፣ ባሌ በሌሊት ይዞኝ ሄደ። አልትራሳውንድ ሲያዩ ትንሽ ውሃ ይዟል፣ አስገብተን ቢሆን አልጋ ትይዢ ነበር አለኝ ዶክተሩ። ትራንስፈሩ (ፅንሱን ማስገባቱ) ከሁለት ወር በኋላ ነው። የማህፀኑንም ጠየቅኩት፣ ወንበር ስቦ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ፣ በመድሃኒት እንቁላል አስለቅቀን እንሞክራለን አለኝ። አማቴም አጠገቤ ሆና ሰማች፣ አሁን ስድስቱንም በየቀኑ በፀሎት እያስታወሰቻቸው ነው። አንድ ነገር ቀረኝ፣ የሚተርፉት ስንት አመት ይቀመጡ የሚል ፎርም ሰጥተውናል፣ እናንተ ምን ብላችሁ ሞላችሁ?